ስድስቱ የማሾ ፎቶዎች

ሸዋ ሮቢት፣ ማክሰኞ ግንቦት 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

ታደሰ እንዲህ ያደርገኛል ብዬ አላሰብኩም። አራት ዓመት አንድ ግብርና ቢሮ አብረን ሠርተናል፤ እሱ ባለሙያ፣ እኔ ጸሐፊ።

ትናንት የስብሰባውን ስላይድ ሲሠራ ስድስቱ የማሾ ሰብል ፎቶዎች አልስተካከል አሉት። አንዱ ካንዱ ይጋጫል፣ ሌላው ይርቃል። አጠገቡ ተቀምጬ፣ «ሁሉንም ምረጣቸው፤ ክፍተታቸውን ኮምፒውተሩ ራሱ እኩል ያደርገዋል» ብዬ ሠራሁለት። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር!» አለኝ።

ዛሬ ስብሰባው ላይ ኃላፊያችን፣ «ፎቶዎቹን እንዲህ አሳምሮ የደረደራቸው ማነው?» ሲሉ ታደሰ ዞሮ አየኝ። ስሜን ሊጠራ መስሎኝ ነበር።

«እኔ ነኝ፤ ብዙ ለፋሁበት» አለ።

«ጎበዝ! ለአስቴርም አሳያት። የኮምፒውተር ክፍሉን ቦታ ስጡኝ ብላ አመልክታለች፤ ከመተየብ ሌላ ምን ታውቃለች?» አሉ ኃላፊው ወደ እኔ እያመለከቱ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ታደሰም አብሮ ሳቀና፣ «እሺ፣ አስተምራታለሁ» አለ።

ስንወጣ በር ላይ ጠብቆ፣ «አስቱዬ፣ ሰው ፊት ምን ልበል? አትቀየሚኝ» አለኝ። ትቼው ሄድኩ።

ነገ ገብቼ እውነቱን ለኃላፊው ልንገራቸው? ቀንታበት ነው ቢሉኝስ? ስሠራው ያየኝ ሰው ደግሞ ራሱ ታደሰ ብቻ ነው…