ባለ ማኅተሙ በወረፋው ጫፍ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታናሽ እኅቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአምላክ ቸርነት አንቺንና ቤተሰብሽን ይጠብቅ እያልሁ፣ ናፍቆት የከበደውን ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናሽ እንደምን ነው? ያ ደረቅ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽስ ወገቡ ተሻለው? የሌሊት ፈረቃውን ትቶ የቀን ሥራ ማግኘቱን ሰምቼ እፎይ ብያለሁ። እኔ ዓይኔ ደከም ከማለቱ በቀር፣ ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና፣ ቆሜ ለማስቀደስ ጉልበት አላነሰኝም።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ ስለ ሰፈራችን ሹም፣ ባለ ማኅተሙ ስለምንለው ሰው፣ «ጋሼ፣ ሰውዬውን ለእግዚአብሔር ተወው» ብለሽኝ ነበር። ምክርሽ የክርስቲያን ምክር ነው፤ እኔም በቀል የአምላክ እንጂ የሰው አይደለም እያልሁ ሳስተምር አርጅቻለሁ። ነገር ግን የእናታችንን ቤት መንገድ ያልፍበታል ብሎ ካስፈረሰ በኋላ መንገዱ የውኃ ሽታ ሆኖ ሲቀር፣ እርሷም በኪራይ ክፍል ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታርፍ አጠገቧ የነበርሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስሙ በተነሣ ቁጥር ጸሎቴ ከመካከል ይቋረጣል።

አሁን ደግሞ ለሰፈሩ ምክር ቤት ዳግመኛ ሊመረጥ ቀርቧል። ከተመረጠ ከእናታችን ቦታ ጀርባ የቀሩት የተከራዮች ቤቶች ይፈርሳሉ፤ ይህን በአደባባይ ተናግሮታል። የመራጮች ምዝገባ በእርሱ ቢሮ ስለሆነ፣ ተከራዮቹ በሄዱ ቁጥር «የቤት ማስረጃ የላችሁም፤ ነገ ተመለሱ» እየተባሉ ይሸኛሉ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ «የኔታ፣ የዚህ ሰውዬ ነገ ከምጽአት በኋላ ነው መሰለኝ» አለችኝ። ተቆጣኋት፤ በልቤ ግን ሳቅሁ።

እንግዲህ ስሚ። ጋዜጣ ለማንበብ የምሄድበትን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ታውቂዋለሽ። የዚያ ኃላፊ የሆነችው ሴት፣ ሕጉ ቤተ መጻሕፍትም መራጭ እንዲመዘግብ እንደሚፈቅድ፣ ጎረቤት መስክሮለት የአንባቢነት መታወቂያ ያወጣ ተከራይም አድራሻውን በዚያው ማስረዳት እንደሚችል ነገረችኝ። በጋዜጣው መደርደሪያና በመስኮቱ መካከል ጠረጴዛ አኖረች፤ መጻፍ ለሚቸግራቸው እንድጽፍም ብዕር ሰጠችኝ። እኔም ምርኩዜን ይዤ ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞርሁ። ለጽድቅ የዞርሁ እንዳይመስልሽ።

በመጀመሪያው ቀን ጉድ ሆንን። ሰዎቹ እፊቴ ሲቀርቡ ለጸሎት ስማቸውን መስጠት ስለለመዱ የክርስትና ስማቸውን ይነግሩኛል፤ እኔም በልማድ እርሱኑ እጽፋለሁ። ኃላፊዋ ከመታወቂያቸው ጋር ብታስተያየው የሚገጥም ጠፋ። «የኔታ፣ ይህ ሁሉ ሰው ከየት የመጣ ነው?» ብትለኝ፣ ከተከራዮቹ አንዱ የሆነው አናጺ ከኋላ ሆኖ «ከመንግሥተ ሰማያት ነው፤ እዚያ የቤት ማስረጃ አይጠየቅም» አላት። ሁሉንም መልሰን ጠርተን እንደ ገና ጻፍን። ባለ ማኅተሙ ያን ስሕተት ደርሶበት ቢሆን የሌለ ሰው መዘገቡ ብሎ ጠረጴዛችንን ባስነሣው ነበር። ስለዚህ ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ የመታወቂያ ስሙንና የቤት ቁጥሩን ጮክ ብሎ እንዲናገር፣ እኔም የጻፍሁትን ጮክ ብዬ እንዳነብለት ሥርዓት አደረግሁ።

ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ባለ ማኅተሙ ራሱ በበሩ ገባ። ቤት በመቀየሩ የቀድሞ ምዝገባው ተሰርዞ ኖሯል፤ ያልተመዘገበ ደግሞ ከተወዳዳሪነት ይወጣል። በገዛ ቢሮው ለራሱ ማኅተም እንዳይመታ ሕጉ ስላሰረው ወደ እኛ መጣ። በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ ልብስ ሰፊዋ «ጌታው፣ የወረፋው ጫፍ በዚያ በኩል ነው» አለችው። ሄዶ ከጫፉ ቆመ።

ተራው ሲደርስ ወንበር ሰጠሁት። ስሙን ተናገረ። የቤቱ ቁጥር ላይ ሲደርስ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጆሮዬ ከብዷልና ጮክ ይበሉልኝ አልሁት። ጮክ አለ። እኅቴ፣ የእናታችን ቤት ቁጥር ነበር። በዚያ ቦታ ላይ በረጅም አጥር ውስጥ ያሠራውን ሕንፃ የመንግሥት ቢሮ ነው ሲለን ኖሮ፣ ለካ መኖሪያው ኖሯል። እንደ ሥርዓቴ የጻፍሁትን መልሼ አነበብሁለት፤ ወንጌል እንደሚነበብበት ድምፅ፣ ቃል በቃል፣ ቁጥሩን ደግሜ።  አናጺው «ስለዚህ መንገዱ እዚህ ደርሷል» አለ።

ኃላፊዋ ሰዓቷን አየች፤ እኔንም አየችኝ። የጻፍሁትን ለማስረከብ ጥቂት ብዘገይ ምዝገባው ይዘጋ ነበር። «ነገ ተመለሱ» የሚለው ቃል በምላሴ ላይ እንደ ማር ጣፈጠኝ። ነገር ግን ዋጥሁት። ምሕረት እንዳይመስልሽ። በር ተዘግቶበት ቢወድቅ ተበደልሁ ይላል፤ ወንድሙንም በቦታው ያስቀምጣል። እኔ የምፈልገው በጠራራ ፀሐይ፣ ነገ ተመለሱ ያላቸው ሰዎች በገዛ እጃቸው ሲጥሉት፣ እርሱም እዚያው ቆሞ ሲያይ ነው። የንስሐ አባቴ ስለዚህ ሐሳቤ ስግደት አዝዘውኛል፤ ስግደቱን እፈጽማለሁ፣ ሐሳቡን ግን ገና አልጣልሁትም። ሰውዬውን ተወው ብለሽኝ ነበር። አልተውሁትም፤ መዘገብሁት እንጂ።

ለባለቤትሽ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን፣ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለአማትሽም ስለ እናታችን ነፍስ እንዲጸልዩ ንገሪያቸው፤ ስለ እኔም ጨምረው።

ታላቅ ወንድምሽ

ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ
ከምርጫው በፊት ባለው ረቡዕ