የሁለቱ ሽጉጦች መዝገብ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ። ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ አባባም ምግብ ይበላሉ፣ በደንብ ይተኛሉ።

ሰሞኑን የጥንት መሣሪያ የሚሰበስብ ሰውዬ መጥቶ ነበር። አባባ የፖሊስ አዛዥ ሳሉ የታጠቋቸውን ሁለት ሽጉጦች እያገላበጠ ካየ በኋላ፣ የእሳቸው ለመሆናቸው የጽሑፍ ማስረጃ ጠየቀኝ። ያንን መዝገብ አመጣሁለት። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሽጉጦቹን ወልውለው ሲያበቁ፣ ክፍላቸው የገባውን ሁሉ የሚጽፉበትን ታውቀው የለ? ድመቷን ሳይቀር እየመዘገቡ ያስቁን ነበር እኮ።

ሰውዬው ደስ ብሎት የመጨረሻውን ገጽ ጮክ ብሎ አነበበው፦ "ሽጉጥ ሁለት፣ አልጎደለም። ድመቷ እንደ ልማዷ ገብታ ወጥታለች። አንዲት ሴት ቁርስ አምጥታለች፤ ማንነቷ ይጣራ።"

"የቤት ሠራተኛ አለቻችሁ?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

በማግስቱ ቁርሱን ይዤ ስገባ ስሜን ከነአባቴ ስም ነገርኳቸው። አባባ ብዕራቸውን አንስተው ጻፉና "ይጣራል" አሉኝ።

በል ወንድም ጋሼ፣ ጤናህን ይስጥልኝ። ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ፤ ግን ቶሎ ብትመጣ ደስ ይለኛል። ስትመጣ መታወቂያህን እንዳትረሳ።

ታናሽ እህትህ