ሊጡ ኩፍ እስኪል

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ? ባለቤትሽንስ ያ ሳል ለቀቀው? እናንተ ከተማ፣ ራዶም፣ ዘንድሮ ብርዱ ከእኛ ብሷል ሲሉ ሰማሁ፤ ጠንቀቅ በሉ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። አባባም ደህና ነው። እንዲያውም ከልክ በላይ ደህና ሆኖብኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

አንቺ ከተለየሽን ወዲህ አባባ ምን በልቶ እንደሚያድር የማውቀው እኔ ነኝ። ማክሰኞና ቅዳሜ እየሄድኩ ሾርባውን እሠራለሁ፣ ሸሚዙን አጥባለሁ፣ መድኃኒቱን እቆጣጠራለሁ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ወደ ምድጃው ዞር ብሎ አያውቅም፤ እንቁላል ሲቀቅል እንኳ ውሃው አልቆ ድስቱ ያርርበታል። የፖም ለቀማው ካለቀ በኋላ ግን ሰውዬው መወፈር ጀመረ። ቀበቶውን አላላ። ቅዳሜ ስገባ ቤቱ ዘይትና ቀረፋ ይሸተኛል፤ ልክ እናታችን በእርሾ አቡክታ እንደምትጠብሰው የፖም ራጹሂ። ትናንት ምን በላህ ስለው “ዳቦ” ይለኛል፣ ጢሙ ላይ ስኳር ነስንሶ!

ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይባል የለ? እኔም ጠረጠርኩ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ከአጥሩ ማዶ ያለችውን ቦጉሚላን ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለቅዳሴ ከንፈሯን መቀባት ጀምራለች፣ አባባ ሲያልፍም ከመስኮት አትጠፋም። እትዬ፣ እንቅልፍ አጣሁ። አባቴን ልትነጥቀኝ ነው፣ እናቴ ወንበር ላይ ልትቀመጥ ነው እያልኩ አለቀስኩ። ከእሱ ሌላ ማን አለኝ?

እርሾ አበድሪኝ ብዬ ቤቷ ገባሁ፤ እርሾ ካላት የምትጠብስለት እሷ ናት ብዬ። ሳቀችብኝ። “እርሾ ከየት ይምጣ? እኔ ራጹሂ የምጠብሰው በእርጎና በሶዳ ነው፤ ማን ተጎልቶ ሊጥ ይጠብቃል!” አለችኝ። ከዚያ ዓይኔን አይታ ገባት መሰለኝ፣ “አንቺ ሞኝ፣ አንዱን ሽማግሌ ቀብሬ ገና ማረፌ ነው፤ ሌላ ልጨምር? ይልቅ አባትሽ ዓርብ ዓርብ ለምን መጋረጃውን እንደሚዘጋ እሱን ጠይቂው” ብላ በሩን አሳየችኝ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ሳልነግረው ሄድኩ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ስላለ አላንኳኳሁም። አባባ ምድጃው አጠገብ ብቻውን ተቀምጧል። ከጎኑ በጨርቅ የተሸፈነ ጎድጓዳ ሳህን አለ። ገና አፌን ስከፍት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና “ቀስ! ሊጡ እየተነሳ ነው” አለኝ። የቤታችንን ሕግ ታውቂዋለሽ፤ እርሾ የገባበት ሊጥ ኩፍ እስኪል በር አይወረወርም፣ ሰው አይጮህም፤ እናታችን መጣላት የፈለገ ውጭ ይውጣ ትል ነበር። እናም በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ ተጣላሁ።

ማን ነው ያቦካው አልኩት። እኔ አለ። ስንት እርሾ ገባበት አልኩት። “የሚበቃውን” አለኝ፣ ዓይኑን ከሊጡ ሳያነሳ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆ፣ ሁለቱም ይተናል። ጨርቁን ገለጥኩ። እናታችን ፖሙን ልጣ፣ በክብ በክብ ቆርጣ፣ ሊጥ ውስጥ እየነከረች ነበር የምትጠብሰው። እዚህ ሊጥ ውስጥ ያለው ፖም ግን ከነልጣጩ የተፈቀፈቀ ነው። ከነልጣጩ የሚፈቀፍቅ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ እናታችን ሊጤን አቀጠንሽብኝ እያለች እጇን በማንኪያ የምትመታት።

ቀና ስል ቡናማው ካፖርትሽ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል። የጓሮው በር ገርበብ ብሏል። ውጭ ደግሞ አመዳዩ ገና አልቀለጠም።

መጀመሪያ ደሜ ፈላ። እኔ ሾርባ ስቀቅል፣ እኔ ካልሲ ስጠግን፣ እናንተ በጓዳ! ለምን ደበቅከኝ አልኩት፣ ድምፄን ዋጥ አድርጌ። አባባ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “ስለምፈራሽ” አለኝ። እኔን? ሸሚዝህን የማጥብልህን? “ሾርባሽ ይጣፍጣል፣ ልጄ። ግን እዚህ ቤት ማን ገብቶ ማን እንደሚቀር የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ቤቱ የኔ ነው፣ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው። እሷ ደግሞ አትንገራት ብላ አስምላኛለች” አለኝ።

እናታችን የተቀበረች ዕለት በሩ ላይ የተባባልነውን ዛሬ አላነሳም። ያን ቀን ዝናብ ነበር፤ በሩ ከኋላሽ ቶሎ መዘጋት ነበረበት፤ ይኼን አንቺም ታውቂያለሽ።

አንቺ ግን በሹራብ ብቻ ጓሮ ባለው ፖም ማከማቻ ውስጥ ቆመሽ፣ ክንድሽን እያሻሸሽ የኔን መሄድ ስትጠብቂ ታየኝ። ያ ወገብሽ! ጠርቼሽ ግቢ ልል አሰብኩ፣ አፌ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ዘይቱ ሳይጣድ፣ ሳልቀመጥ ወጣሁ። መንገድ ላይ ዞሬም አላየሁም፤ እንድትገቢ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ማር በሞቀ ወተት ይጠጣ። ድንግል ማርያም ወገብሽን ታጽናልሽ፣ ቤትሽን ትባርክልሽ።

ቁልፉን ትናንት አባባ ኪስ ውስጥ ከትቼለታለሁ። የፊታችን ዓርብ መጥቼ አንኳኳለሁ። መክፈቱም አለመክፈቱም ያንቺ ፈንታ ነው።

ታናሽ እህትሽ