ከአቴና ሲኒማ ቤት የተባረርኩበት ሳቅ

አቴና፣ መጋቢት ፲፱፻፷፩

ወንድሜ አምሐ፣

ትናንት ሲኒማ ገብቼ በሰው አገር ስለሚንከራተት ምስኪን አኮርዲዮን ተጫዋች የሚያስቅ ፊልም አየሁ። ቋንቋውን ስለማያውቅ፣ ሲሰድቡት ያመሰገኑት መስሎት እጅ ይነሳል። አንተም ኮልፌ በዙሀራ ሰርግ ላይ ሽማግሌዎቹ በጉራጊኛ «በቃህ፣ ውረድ!» ሲሉህ ጭራሽ አኮርዲዮንህን ሞቅ አድርገህ መጫወት መቀጠልህ ትዝ አለኝና በሳቅ ፈነዳሁ። አስተናባሪው መጥቶ ባትሪውን ዓይኔ ላይ እያበራ በግሪክኛ ጮኸብኝ። እኔ ደግሞ «እንኳን ደህና መጣህ» ያለኝ መስሎኝ ብድግ ብዬ እጅ ነሳሁት! አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እኔ ግን ክንዴን ተይዤ ወጣሁ።

የእናትህን የእትዬ ወለተጻድቅን ጉልበት ሳምልኝ። ለአባቴ ግን ትንፍሽ እንዳትል። ለካ ይህ ፖስት ካርድ ክፍት ነው፤ ማንም ያነበዋል! የፖስታ ቤቱ ወንድሜ፣ አንተም አደራህን!

ሀያቱ