ያለ ካንዴላ

ጥር 8 ቀን 2011፣ ንፋስ መውጫ
የተማሪዎቼን የሞተር ፈተና ሳርም ዋልኩ። "ቤንዚን በምን ይቀጣጠላል?" ቀላሉ ጥያቄ ነበር። ሁሉም በካንዴላው ብልጭታ ብለዋል። ሐረገ ወይን ግን "ያለ ካንዴላም፣ በመጨመቅ ብቻ ይነድዳል" ብላለች። በመጨመቅ የሚነደው ናፍጣ ነው! ኤክስ አደረግኩባት። ለማለፍ አንድ ነጥብ ጎደላት። ለብቃት ምዘናው አትቀርብም ማለት ነው።
ግን ከየት አመጣችው? ባልደረባዬ ፍሬው ይሆን የነገራት? የክፍል ኃላፊነቴን እንደሚፈልግ አውቃለሁ... ሊያሳጣኝ።

ጥር 9
ጠራኋት። ከማን ኮረጅሽ አልኳት። ከስልክ ላይ አነበብኩ አለች። ቤንዚኑ ከብዙ አየር ጋር ተደባልቆ አጥብቆ ሲጨመቅ ይግላል፣ ከዚያ በየቦታው ባንዴ ይቀጣጠላል። ነዳጅ ይቆጥባል። እንደ ናፍጣም ጥቁር ጭስ አይተፋም። ፈረንጆቹ መኪና ላይ ሊገጥሙት ነው አለች። ስልክ ላይ የማይጻፍ የለም አልኳት። ቤንዚን በራሱ ጊዜ ከነደደ ሞተር ይጎዳል። ስንት ዓመት ያስተማርኩት ይሄንን ነው።
"ቲቸር፣ የብስክሌት ፓምፕ ነክተው አያውቁም? ነፍተው ሲጨርሱ እኮ ያቃጥላል።"
አላለቀሰችም። ከኋላዋ ሰው ባይኖር እንዲህ አትደፍርም።

ጥር 10
ፍሬው ሻይ ጋበዘኝ። ለምን? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ጥር 13
የትናንቱን ሚካኤል ወገዳ ከተማ እናቴ ዘንድ ውዬ ዛሬ በሞተር ሳይክሌ ተመለስኩ። ዳገቱ አንገበገበው፣ ሞተሩ ጋለ። ግቢ ደርሼ ቁልፉን ነቀልኩ... አልጠፋም። ቁልፉ በእጄ፣ እሱ ይንደቀደቃል! ካንዴላው ኤሌክትሪክ የለው... በምን ነው የሚነደው? ከዚህ በፊትም አድርጎታል። መካኒኩ ዕቃ ቀይሮብኝ ነው ብዬ አምቼው ነበር።
ሞተሩ ውስጥ ያለ የጋለ ጥላሸት ለኩሶት ይሆናል። እሷ ካለችው ጋር አንድ አይደለም። ግን ያለ ካንዴላ ነደደ። አፈርኩ።

ጥር 14
ፍሬውን ጠየቅኩት። ለካ ሻዩ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ ሊጠራኝ ነው። ስለ ሐረገ ወይን ምንም አልሰማም። አላመንኩትም... ትንሽ አመንኩት።

ጥር 15
በስልኳ ያነበበችውን ራሴም ፈልጌ አነበብኩ። እውነቷን ነው። ነጥቧን መለስኩ። አለፈች።
ታመሰግነኛለች ስል፣ "ታዲያ ካንዴላ ከሌለው፣ የሚነድበትን ሰዓት በምን ይቆጣጠሩታል?" አለችኝ፣ ተማሪው ሁሉ እየሰማ። ከምዕራፉ ውጪ ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።
"አላውቅም" አልኩ።
ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና ስልክሽን አምጪው አልኳት። ፍሬው በመስኮት ሲያልፍ ዞሮ አየን።
ይየን።