ከሦስተኛውና ከአራተኛው ፎቅ መካከል፣ ለአድሚናችን

ለተከበሩ የሕንፃችን የነዋሪዎች ግሩፕ አድሚን፣
ምድር ቤት፣ በስተቀኝ የመጀመሪያው በር።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ያ ድካም የማያውቀው የቀኝ አውራ ጣትዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የሰማንያ አራት አባወራ አፍ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በእሱ ነውና።

እኔ አምስተኛ ፎቅ የምኖረው ልብስ ሰፊ ነኝ። በመልክ ባያስታውሱኝ እንኳ "ያቺ ከአጀንዳ ውጭ የምትጽፈዋ" ቢባሉ ወዲያው ትዝ እልዎታለሁ። ይህን ደብዳቤ በወረቀት ጽፌ ሊፍቱ አጠገብ የለጠፍኩት ለክብርዎ ንቀት ኖሮኝ ሳይሆን፣ በግሩፑ ላይ መጻፍ ከተከለከልኩ ዛሬ ሃምሳ ሁለተኛ ቀኔ ስለሆነና ለግድግዳው እስካሁን አድሚን ስላልተሾመለት ነው። ደንቡ "ሐሳብ ሁሉ በቁጥር ተለይቶ ይቅረብ" ስለሚል፣ እኔም በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጥፋቴ።

ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪና ጋር ተፋጥጦ መዋል ነው። መኪናዋ ጥሩ ባልንጀራ ናት፤ ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ የምታወራው አንድ ወሬ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ዚፕ ቀይሬ ሌላውን ከመጀመሬ በፊት፣ በመስኮት ያየሁትን ለጎረቤቶቼ ጣል ማድረግ ልማድ ሆኖብኝ ነበር። ማዶ ያለው ጣሪያ ላይ ሁለት እርግቦች በአንድ የዲሽ ሳህን ሲጣሉ ዋሉ፣ አሸናፊዋ ግን ወዲያው ጥላው በረረች ብዬ ጻፍኩ። ሰው ሊፍት ውስጥ ሲገባ ለምን ጣሪያ ጣሪያውን እንደሚያይ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ ብዬ ጠየቅኩ፤ አሥራ ሰባት ሰው መልስ ሰጠኝ። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ነርስ "አዳር ሠርቼ ስመለስ ያንቺን ሳላነብ አልተኛም" ብላ የጻፈችልኝ ቀን፣ ለካ ጎረቤት አለኝ አልኩ። ስምንት ዓመት በአንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም።

እርስዎ ግን ጥፋቴን በጊዜ ደረሱበት። "ሊፍታችን ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሁለቴ ይስላል፤ ሐኪም ቢያየው" ብዬ በጻፍኩ በአራተኛው ደቂቃ ጽሑፌ ጠፋ። በምትኩ "ቀልድ፣ የግል አስተያየትና ትዝብት ክልክል ነው" የሚል ማሳሰቢያ ከሠላሳ ቀን ዝምታ ጋር ደረሰኝ። ሠላሳው ቀን አልቆ "እንኳን በደህና አገናኘን" ብዬ ስገባ፣ እሱም ከአጀንዳ ውጭ ሆነና ሌላ ሠላሳ ቀን ተመረቀልኝ። እርስዎ በየማለዳው "ብሩህ ቀን" ብለው የሚለጥፉት ጤዛ ያረፈበት ጽጌረዳ አጀንዳ መሆኑን ስለማውቅ በዚህ አልከራከርም።

ሁለተኛ፤ ስለ መውጫው።

አፌን ተለጉሜ ከምቀመጥ ልውጣ ብዬ ግሩፑን ለቀቅኩ። ነጻነቴ የቆየው ሦስት ቀን ነው። የውኃ ፈረቃም ሆነ የመብራት ጥገና ከግሩፑ ውጭ በየትም እንዳይነገር እርስዎ በመወሰንዎ፣ የዋናው በር ቁልፍ መቀየሩን ያወቅኩት የሰው ልብስ ታቅፌ፣ ዝናብ እየወረደብኝ፣ የተቀየረው በር ፊት ቆሜ ነው። ለመመለስ የይቅርታ ማመልከቻ አስገባሁ። በቸርነትዎ ተቀበሉኝ፤ ድምፄ ግን እንደተዘጋ እንዲቀጥል ወሰኑ። መውጣት የማይቻልበት፣ ገብተውም መናገር የማይፈቀድበት ቦታ በተለምዶ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ለእርስዎ ለማስታወስ አልደፍርም።

ሦስተኛ፤ ስለ ማክሰኞ።

የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የአንድ የከባድ መኪና ሹፌር ኮት እጅጌውን አሳጥሬ ለማስረከብ ስወርድ፣ ስድስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ሊፍቱ ውስጥ ነበሩ። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። የጠዋት መርፌያቸውን ከተወጉ በኋላ ዳቦ ማለቁን አይተው፣ ቁርሳቸውን ሳይበሉ ሊገዙ መውረዳቸው ነበር። ሰላም ተባብለን ሁለታችንም ጣሪያውን ማየት እንደጀመርን ሊፍቱ አንዴ ሳለ፤ ሁለተኛውን ሳይስል ቀጥ አለ።

የአደጋ ደወሉን ተጫንኩ። ጭጭ። "ነዋሪን ያለ አግባብ ስለሚረብሽ" ብለው ባለፈው ዓመት ማስቋረጥዎን ያስታወሱኝ መምህሩ ናቸው፤ ውሳኔውን በግሩፑ ከደገፉት አንዱ እሳቸው እንደነበሩም አንገታቸውን ደፍተው ነገሩኝ። ስልካቸውን ቤት ትተዋል። በእኔ ስልክ ወደ እሳት አደጋ ደጋግሜ ደወልኩ፤ መስመሩ እንደተያዘ ነው። ለእርስዎ ደወልኩ። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተዘጋና "በግል ስልክ አላስተናግድም፤ እባክዎ በግሩፑ ላይ ይጻፉ" የሚል መልእክት መጣልኝ። አራት ጊዜ ደወልኩ፤ አራት ጊዜ ያው መልእክት በዚያው ትሕትና መጣ። ለፈጣን ምላሽዎ ከልብ አመሰግናለሁ። የጎረቤቶቼን ቁጥር ደግሞ ግሩፑ በደንቡ መሠረት ስለሚደብቅ አንዳቸውም አልነበሩኝም።

ስለዚህ የተፈቀደልኝን አደረግኩ፤ ግሩፑን ከፍቼ ማንበብ። መምህሩ ጫማቸውን አውልቀው በሩን በተረከዙ መቀጥቀጥ ያዙ። ብዙ ሳይቆይ ከአራተኛ ፎቅ አንድ ሰው "በሥራ ሰዓት ሚስማር የሚመታው ማነው?" ብሎ ጻፈ። እርስዎም አልዘገዩም፤ "የምትደበድቡ ነዋሪዎች ባስቸኳይ አቁሙ፤ ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው" አሉ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። መምህሩ ጫማቸውን አዩ፣ እኔን አዩና "እናቁም እንዴ ልጄ?" አሉኝ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በዚያ ሳጥን ውስጥ ከዚያ በኋላ አልሳቅንም።

ቀጥላ ነርሷ ጻፈች። ሥራ ለመግባት ስትወጣ ሊፍቱ እምቢ ብሏት በደረጃ ወርዳ ኖሮ፣ ታክሲ ውስጥ ሆና "ሊፍቱ የቆመ ይመስለኛል፤ ውስጡ ሰው ይኖር ይሆን? እስኪ እዚያ ያላችሁ እዩ" አለች። ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ "አለን! እዚህ አለን!" እያልኩ በመስታወቱ ላይ ጮህኩበት። ጣቴ ሳያስበው የሚጻፍበትን ቦታ ነካ። "እዚህ መጻፍ አይፈቀድልዎትም" ይላል። ነካሁት፤ አይፈቀድልዎትም። ደግሜ ነካሁት፤ አይፈቀድልዎትም። እያየሁት፣ ዓይኔ እያየ፣ የነርሷ ጽሑፍ ጠፋ፤ በቦታውም "የሊፍት ጉዳይ አጀንዳ የተያዘለት ለረቡዕ ነው" የሚል የእርስዎ ቃል ተተካ። ከሥሩ አንድ ሰው አመሰገነዎት።

መምህሩ ላብ ያጠምቃቸው ጀመር። መጀመሪያ ግንባራቸው፣ ከዚያ ሸሚዛቸው ጀርባው ድረስ ራሰ። ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። "አትፍሪ፤ የሰባትን ብዜት በትክክል እስካልኩ ድረስ ደህና ነኝ ማለት ነው" አሉኝ። ሰባት በሁለት አሥራ አራት፣ ሰባት በሦስት ሃያ አንድ እያሉ ሄዱ። እኔም አብሬያቸው በልቤ ቆጠርኩ። "ሰባት በስምንት" ላይ ቆሙ። ጠበቅኳቸው። "ሰባት በስምንት" አሉ ደግመው፤ ዓይናቸው እኔን ያያል እንጂ አያውቀኝም ነበር።

ሃያ ዓመት ስሰፋ የደንበኛ ኪስ ፈትሼ አላውቅም። የዚያን ዕለት ግን ሹፌር እንቅልፍ እንዳይጥለው ከረሜላ አይጠፋውም ብዬ የኮቱን ኪስ ሁሉ ገለበጥኩት። የውጭ ኪሶቹ ባዶ ናቸው። የውስጥ ኪሱ ውስጥ ሦስት ከረሜላ፣ ያውም ቀልጠው ከወረቀታቸው ጋር የተጣበቁ፣ አገኘሁ። በጥርሴ እየላጥኩ አንድ በአንድ አጎረስኳቸውና ጭንቅላታቸውን በኮቱ ደግፌ ጉንጫቸውን እያሸሁ ቆየሁ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ብቻ አንድ ጊዜ ቀስ ብለው "ሃምሳ ስድስት" አሉ። እኔም ያን ጊዜ አለቀስኩ።

አሁንም ግን ውስጥ ነን። ሌላ ከረሜላ የለም። በስልኬ ውስጥ ያሉትን ስሞች ከላይ እስከ ታች ስፈልግ "ጥበቃው" የሚል አገኘሁ፤ እርስዎ ከነዋሪ ጋር ወሬ ያበዛል ብለው ያሰናበቱት፣ ሱሪውን አሳጥርለት የነበረው። ከለቀቀ ስምንት ወር አልፎታል። ቢሆንም ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው። "እትዬ፣ እኔ እኮ አሁን ሌላ ከተማ ነው ያለሁት" አለ፤ ወዲያው ደግሞ አተነፋፈሴን ሰምቶ ነው መሰለኝ "ምን ሆነው ነው? የት ነዎት?" አለኝ። ነገርኩት። ከሕንፃችን መንገድ ማዶ ላለው ፀጉር አስተካካይ ደወለለት። ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ፂም እኩሌታ ላጭቶ፣ ከጎኑ ያለውን ብረት በያጅ ጠርቶ እየሮጠ መጣ፤ እኩል ፂሙን የተላጨው ሰውም ከነአረፋው ተከትሏቸው መጣ። በሩን በረጅም ብረት ፈልቅቀው መምህሩን በብብታቸው ይዘው ወደ አራተኛ ፎቅ ሳቧቸው፤ ቀጥሎ እኔን። በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ቆይተናል። ካወጡን ሦስት ሰዎች አንዳቸውም የግሩፑ አባል አይደሉም።

አራተኛ፤ ስለ ደረሰኝ ማስጠንቀቂያ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ "ሁለት ነዋሪዎች ሊፍት ውስጥ መሆናቸውን በወቅቱ በግሩፑ ባለማሳወቃቸው በሩ ላይ ጉዳት ደርሷል፤ ለወደፊቱ እንዲህ ያለ ቸልተኝነት አይታለፍም" ብለው ጻፉ። አርባ አንድ ሰው ደገፈዎት። እኔ መልስ ለመስጠት ሞከርኩ፤ ውጤቱን ያውቁታል።

በሩ ተጠግኗል፤ ሊፍቱም ይሠራል። መምህሩ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ደጅ አልወጡም። ሊፍቱን እግራቸው እምቢ ብሏል፤ ስድስት ፎቅ በደረጃ ለመውጣት ደግሞ ጉልበታቸው አይችልም። ስለዚህ ዳቦውን እኔ በደረጃ አደርስላቸዋለሁ። ሹፌሩ ኮቱን ሲወስድ ኪሱን መፈተሼን ነግሬው ይቅርታ ብጠይቀው፣ አንድ ሙሉ ፌስታል ከረሜላ አመጣልኝ፤ እሱንም አደረስኩላቸው። ትናንት በሩን ከፍተው ዳቦውን ከተቀበሉኝ በኋላ አልዘጉትም። "ውጭ ምን አለ?" አሉኝ።

ምን እላለሁ? ማዶ ያለው ቤት ሰማያዊ ቀለም እየተቀባ ነው፣ ቀቢው ግን ከቤቱ ይልቅ ራሱን ቀብቶታል አልኳቸው። ፀጉር አስተካካዩ ያን ሰውዬ ቀሪውን ፂም ላጭቶለታል አልኳቸው። "ሌላስ?" አሉኝ። ሌላም ነገርኳቸው። የበሩን እጀታ ይዘው፣ እንደ ተማሪ ቆመው ሰሙኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህን በግሩፑ ብጽፈው ከአጀንዳ ውጭ እንደሚሆን አውቃለሁ። እኚያ ሰውዬ ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ አራት ግድግዳ ሲያዩ የቆዩ ናቸውና ሌላ አጀንዳ አልነበራቸውም።

እንግዲህ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ድምፄን እንዲከፍቱልኝ አልለምንም። የምለምነው የሊፍቱ ደወል እንዲቀጠል ነው። ደወል ቀልድ አይጽፍም፣ ትዝብት የለውም፣ እርግብ አይቆጥርም፤ የሚያውቀው አንዲት ቃል ብቻ ናት። ያቺን አንዲት ቃል ይፍቀዱለት።

ጊዜዎን በማጥፋቴ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ የማሰናበት፣ የመሰረዝና የማስጠንቀቅ ሥልጣንዎ እንዲረዝም፣ ሊፍቱም እርስዎ የገቡበት ቀን ብቻ ሳልና ጉንፋን እንዳያውቀው እየተመኘሁ፣ ለዝምታዬ ቀሪ ስምንት ቀናት ታማኝ ሆኜ እቆያለሁ።

አክባሪዎ፣
የአምስተኛ ፎቅ ልብስ ሰፊ

ከተለጠፈ በኋላ በእስክሪብቶ የተጨመረ፦ ይህን ስለጥፍ ክብርት ባለቤትዎ ከገበያ ሲመለሱ ደረሱብኝ። ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው ከላይ እስከ ታች ቆመው አነበቡት። ሊቀድዱት ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን እየተላቀቀ ያስቸገረኝን የታችኛውን ጫፍ በመዳፋቸው ይዘው ፕላስተር እስካደርግበት ጠበቁኝ። ከዚያ ዘንቢላቸውን አንስተው "እኔንማ ከዘጋኝ ዓመታት አለፉ" አሉኝና ወደ ቤትዎ ገቡ።