ሒሩት የመረጠችው ጎማ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቅዳሜ መጋቢት 6 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለጂፑ እኔ የፈለግሁት ግዙፉን ጎማ ነበር። ባለቤቴ ሒሩት ግን "ትልቅ ጎማ ሞተሩን ያደክመዋል፤ መካከለኛው ይበቃናል። ይልቅ ሁለቱን የኋላ እግር አንድ ላይ የሚያስር ሎከር ዲፈረንሻሉ ላይ እናስገባ፤ አንዱ እግር ሲንሸራተት ሌላው ይገፋል" ብላ ድርቅ አለች። እሺ ያልኩት ክርክሩ ሰልችቶኝ ነው።

ዛሬ እዚሁ ቅርብ ካለችው አሌክሳንድሪያ ከሚኖረው ጓደኛዬ ከዳዊት ጋር ጫካ ወጣን። ዝናቡ ዳገቱን አጨቅይቶታል። ዳዊት በዚያ በሚያስቀናኝ ግዙፍ ጎማው ግማሽ መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ተያዘ። ሒሩት መሪውን ጨበጠች። እኔ ማርያምን ስጣራ፣ እሷ ነዳጅ እንኳ ሳታበዛ ቀስ ብላ አልፋው ወጣች። ከላይ ሆነን በገመድ ሳብነው።

"መካኒክህ ማነው?" አለኝ ዳዊት፣ ከፊቱ ላይ ጭቃ እየጠረገ።

"አግብቻታለሁ" አልኩት።

አሁን ደግሞ የዲፈረንሻሉን ማርሽ አውጥተን በሌላ እንቀይር ትላለች። ምን ብዬ ልከራከር...